አደባባዩ ላይ ጥፋተኛው ማነው?

አበው «አደባባይ» ሲሉ መኪና የሚዞርበትን ቦታ ማለታቸው አልነበረም። አደባባይ ዳኛ የሚቀመጥበት፣ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አጣፍተው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ የሚሟገቱበት ቦታ ነበር። ዳኛ በቅርብ ካልተገኘ አላፊ አግዳሚውን አስቁሞ የመንገድ ዳኛ ማድረግም የተለመደ ነበር። ዛሬ አትላንታ ውስጥ ሁለት መኪኖች አደባባይ ላይ ሲላተሙ ሙግቱ አልቀረም፤ የቀረው የመንገድ ዳኛው ነው። ፍርዱን መጀመሪያ የሚሰጠው በስልክ ብቻ የሚታወቅ፣ አደባባዩን አይቶት የማያውቅ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው።

አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ሰውየው በክላርክስተን የሚኖር፣ በራሱ ካምሪ ሰው እያመላለሰ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ኢትዮጵያዊ ነው እንበል። ኖርዝ ዲካተር ሮድ፣ ኦክስፎርድ ሮድና ዳውማን ድራይቭ ከሚገናኙበት፣ ከኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ በር ፊት ለፊት ካለው የኤሞሪ ቪሌጅ አደባባይ ይደርሳል። ቀስ ይላል፤ ወደ ግራ ያያል፤ ክፍት መስሎት ይገባል። አብዛኛው የመኪናው አካል ከገባ በኋላ አንድ ፒካፕ መጥቶ የግራ የኋላ በሩን ያደቅቀዋል። የተጎዳ ሰው የለም። ሰውየው ወርዶ ባደገበት ወግ «ይቅርታ፣ ተጎዳህ ወይ?» ይላል። የፒካፑ ባለቤት ደግሞ ለፖሊሱ «ጥፋተኛ መሆኑን አምኖ ይቅርታ ጠይቆኛል» ብሎ ያስመዘግባል። ካምሪው ጋራዥ ይገባል፤ የሳምንቱ ገቢ ይቆማል፤ በእጁ ላይ የቀረው «ቅድሚያ አልሰጠህም» የሚል ቲኬት ነው።

ጥፋቱ የማን ነው? በእንጀራ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ይህ ጥያቄ ቢነሳ መልሱ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ «ቀድሞ የገባው ነው መብቱ» ይላል። ሌላው «የገጨው ይክፈል፣ ከኋላ በሩን ነው እኮ የመታው» ይላል። ሦስተኛው «አደባባይ ላይ ሁልጊዜ እኩል ለእኩል ነው» ብሎ ይፈርዳል። ሦስቱም በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደሉም።

ከአራት ኪሎ እስከ ኤሞሪ

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ለአደባባይ እንግዳ አይደለም። አራት ኪሎን በድል ሐውልቱ፣ ስድስት ኪሎን በየካቲት 12 ሐውልት ዙሪያ ዞሮ አድጓል። ከ2015 እ.ኤ.አ. በፊት ለቀላል ባቡሩ መስመር ሲዘረጋና ከዚያም ወዲህ አንዳንዶቹ አደባባዮች ፈርሰው መብራት ተተክሎባቸዋል እንጂ የከተማዋ መልክ አደባባይ ነበር። የመዞሪያው አቅጣጫም አንድ ነው፤ ኢትዮጵያ በ1964 እ.ኤ.አ. ከግራ መንዳት ወደ ቀኝ ስለተሸጋገረች አዲስ አበባም አትላንታም የሚዞረው ሐውልቱን ወይም ሣሩን በግራ አድርጎ ነው። በወረቀት ላይ ደንቡም ተመሳሳይ ነው፤ በአደባባዩ ውስጥ ለሚዞረው ቅድሚያ ይሰጣል። ችግሩ ልማዱ ላይ ነው። ታክሲ ከጎንህ ገብቶ ፓራውልቱን አንድ ክንድ ካስቀደመ መብቱን የወሰደ ይመስለዋል፤ ሌላውም ፍሬን ይዞ፣ ተሳድቦ፣ ያሳልፈዋል። ይህ ልማድ በጆርጂያ ውድ ያስከፍላል።

ይህን ደንብ ዓለም ሁሉ ከመጀመሪያው የተስማማበት አልነበረም። ቀድሞ በብዙ አገር ገቢው መኪና ቅድሚያ ስለነበረው አደባባዮች በተጨናነቁ ቁጥር ራሳቸውን ያንቁ ነበር፤ የሚዞረው ለገቢው ይቆማል፣ ከኋላው ያለው መውጫ ያጣል። እንግሊዞች በ1966 ነገሩን ገልብጠው «ገቢው ይጠብቅ» ብለው ደነገጉ፤ የዛሬው አደባባይ የተወለደው ያን ጊዜ ነው። አሜሪካ ዘመናዊ አደባባይ የሠራችው ዘግይታ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ በ1990 በላስ ቬጋስ አጠገብ ሰመርሊን ውስጥ ተሠሩ። ፓሪስ በታዋቂው የድል ቅስቷ ዙሪያ እስከ ዛሬ በአሮጌው ልማድ ከቀኝ ለሚገባው ቅድሚያ ትሰጣለች፤ እዚያ የተጋጩትን ኢንሹራንሶች እኩል ለእኩል ያካፍሏቸዋል ይባላል። ምናልባት የሦስተኛው ሰው «እኩል ለእኩል» የመጣው ከፓሪስ ይሆናል። በጆርጂያ ግን እንዲህ ያለ ደንብ የለም።

የጆርጂያ ሕግ ምን ይላል

በአደባባዩ መግቢያ ሁሉ የተገለበጠ ሦስት ማዕዘን «ቅድሚያ ስጥ» ምልክት አለ። በጆርጂያ ሕግ መጽሐፍ ክፍል 40 ምዕራፍ 6 ቁጥር 72 መሠረት እዚያ የደረሰ አሽከርካሪ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ለደኅንነት አስፈላጊ ከሆነ መቆም፣ ከዚያም በመገናኛው ውስጥ ላለ ወይም አደጋ በሚያስከትል ርቀት እየቀረበ ላለ መኪና ቅድሚያ መስጠት አለበት። ከዚያ የሚከተለው ዐረፍተ ነገር ነው ብዙ ሰው የማያውቀው። ምልክቱን ሳይቆም ያለፈ ሰው በመገናኛው ውስጥ ካለ መኪና ጋር ከተጋጨ፣ ግጭቱ ራሱ ቅድሚያ ላለመስጠቱ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠራል። በሌላ አነጋገር ገቢው ሲጀመር ተሸንፎ ነው የሚጀምረው፤ ሌላ ማስረጃ አምጥቶ ያንን ግምት ማፍረስ የእሱ ፈንታ ነው።

ስለዚህ «ቀድሜ ገብቻለሁ» ብቻውን አያድንም። ሕጉ የሚጠይቀው ማን አንድ እርምጃ ቀደመ የሚለውን ሳይሆን፣ በገባህበት ቅጽበት ከግራህ የሚመጣው መኪና ለአደጋ በሚያበቃ ቅርበት ነበረ ወይ የሚለውን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ይጠቅማል። በሰዓት 20 ማይል የሚነዳ መኪና በሴኮንድ ወደ 9 ሜትር ይሄዳል፤ በ35 ማይል የሚነዳ ግን ከ15 ሜትር በላይ። 40 ሜትር ርቆ የታየ መኪና በ20 ማይል ከሆነ ከ4 ሴኮንድ በላይ ይፈጅበታል፤ አንድ ካምሪ ያለ ችግር ገብቶ መንገዱን ይይዛል። በ35 ማይል ከሆነ ግን ከ3 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ በር ላይ ነው። የዘመኑ አደባባዮች የተነደፉት ከ15 እስከ 25 ማይል ለሚደርስ ፍጥነት ነው። የፒካፑ ፍጥነት ከዚያ በላይ እንደነበር በካሜራ ወይም በምስክር ከተረጋገጠ ክርክሩ መልኩን ይለውጣል።

ብረቱ ይናገራል

ልምድ ያለው የኢንሹራንስ መርማሪ፣ አጀስተር የሚሉት፣ ከሁለቱ ሾፌሮች ቃል በፊት የሚያየው የታጠፈውን ብረት ነው። መኪኖቹ ሐውልቱን በግራ አድርገው ስለሚዞሩ፣ በውስጥ ያለው መኪና ለገቢዎች የሚያሳየው ቀኝ ጎኑን ነው። የገቢው ፓራውልትና የፊት መብራት ተሰብሮ የዟሪው ቀኝ በር ከተደረመሰ ነገሩ አለቀ፤ ዟሪው ፊቱ እያለፈ ገቢው ሄዶ ገብቶበታል። «አላየሁትም» ማለት ጥፋቱን አምኖ መፈረም ነው።

ተቃራኒው፣ የዟሪው ፊት የገቢውን ግራ ጎን የመታበት፣ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተመታው የፊት ግራ ፓራፋንጎ ከሆነ ገቢው አፍንጫውን ብቻ አውጥቶ መንገድ ዘግቷል ማለት ነው፤ የአዲስ አበባው ልማድ ይኸው ነው፤ ጥፋቱም ብዙውን ጊዜ የእሱ ይሆናል። የተመታው የኋላ በር ወይም የኋላ ፓራፋንጎ ከሆነ ግን ጥያቄ ይነሳል። መኪናው ከሞላ ጎደል ገብቶ ሳለ ዟሪው ለምን ፍሬን አልያዘም? ስልኩን ያይ ነበር? ይፈጥን ነበር? የካምሪው ሰው ተስፋ ያለው እዚህ ነው። ጥፋቱ ከእሱ ላይ ሙሉ በሙሉ ይነሳል ማለት ግን አይደለም፤ ይከፋፈላል ማለት ነው።

ሌላም አለ፤ ከሁሉ የሚያበሳጨውም ይኸኛው ነው። በመግቢያው ላይ ሁለት መኪና ተከታትሎ ቆሟል። የፊተኛው ትንሽ ተንቀሳቅሶ ሐሳቡን ይለውጥና ይቆማል። የኋለኛው ዓይኑን ወደ ግራ ተክሎ ክፍተት ሲፈልግ የፊተኛው ሄዷል ብሎ ነዳጅ ይረግጣል። ግጭት። እዚህ ላይ «ለምን ቆመ?» የሚል ክርክር እምብዛም አያዋጣም፤ ርቀት አለመጠበቅ ነው፤ ጥፋቱ የኋለኛው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ እግርን ከማንሳት በፊት አንድ ጊዜ ወደ ፊት ማየት።

ሁለት ረድፍ ያላቸው አደባባዮች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ከመግባት በፊት መሬቱ ላይ የተቀባው ቀስት የትኛው ረድፍ ወደ የት እንደሚወጣ ይናገራል፤ ምርጫውም እዚያው ያልቃል። የውጭው ረድፍ ወጥቶ እንዲሄድ ታዝዞ ሳለ ሾፌሩ መዞሩን ከቀጠለና ከውስጥ ረድፍ በሕጋዊ መንገድ የሚወጣውን ከመታ ጥፋቱ የውጭው ነው። ውስጥ ያለው መውጫ አልፎት በድንገት ወደ ቀኝ ከቆረጠ ደግሞ ጥፋቱ የእሱ ነው። መውጫ ያመለጠው ሰው ማድረግ ያለበት አንድ ነገር ነው፤ እንደገና መዞር። ጥቂት ሴኮንድ ቢባክን ነው። ፍሬቻም ችላ የሚባል አይደለም፤ ቀኝ ፍሬቻ አብርቶ «ወጣሁ» ያለ መኪና ሳይወጣ ቀርቶ ሌላውን አታልሎ ካስገባ የጥፋቱን ድርሻ ይካፈላል። ገቢው ግን ፍሬቻ ብቻ አምኖ መግባቱ እሱንም ያስጠይቀዋል።

መቶኛዋ

ጆርጂያ ጥፋትን በመቶኛ ትከፍላለች። ከ2005ቱ የካሳ ሕግ ማሻሻያ ወዲህ ዳኛው ወይም ጁሪው ለእያንዳንዱ ወገን ድርሻውን ይመድባል፤ ካሳውም በዚያው መጠን ይቀነሳል። የካምሪው ጉዳት 8 ሺህ ዶላር ሆኖ ሰውየው 20 በመቶ ጥፋተኛ ነው ከተባለ 6,400 ዶላር ያገኛል። 49 በመቶ ከተባለ 4,080 ዶላር። 50 በመቶ ከተባለ ግን ምንም። «እኩል ለእኩል ነው» ብሎ በትህትና የሚስማማ ሰው ግማሹን አገኘሁ ብሎ ሲጠብቅ በእርግጥ የፈረመው በዜሮ ነው። ኢንሹራንሶች ይህን ቁጥር ያውቁታል፤ «ሁለታችሁም እኩል ጥፋተኞች ናችሁ» የሚለው ደብዳቤ የሚመጣውም አንዳንዴ ለዚሁ ነው።

ይቅርታዋም ከዚህ ጋር ትያያዛለች። በአገር ቤት ሰው ሲደነግጥ ይቅርታ ማለት ጨዋነት እንጂ ኑዛዜ አይደለም። በጆርጂያ ፍርድ ቤት ግን ተከራካሪው ራሱ የተናገረው ቃል በራሱ ላይ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። «ተጎዳህ ወይ? አምቡላንስ ልጥራ?» ማለት ሰብአዊነት ነው፤ ይበቃልም። ከዚያ ያለፈው ለፖሊሱ የሚነገር ነው፤ እሱም የታየውን ብቻ፤ «ቆሜ አየሁ፣ መንገዱ ክፍት ነበር፣ ገባሁ፣ የኋላ በሬን መታኝ»። በእንግሊዝኛ ለማስረዳት የሚቸገር ሰው ዝም ብሎ ራሱን ከመነቅነቅ አስተርጓሚ መጠየቅ ይሻለዋል። ያልገባን ነገር «የስ» ማለት በዚህ አገር ብዙ ወገን ያከሰረች ቃል ናት።

አዲስ አበባ ሁለት መኪና ሲጋጭ ትራፊክ መጥቶ ፕላን እስኪያነሳ ማንም ከቦታው ንቅንቅ አይልም። በጆርጂያ የተገላቢጦሽ ነው። ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው ከሌለና መኪናው የሚሄድ ከሆነ ከመንገዱ ማውጣት ግዴታ ነው፤ በማንሳቱ ብቻ ማንም ጥፋተኛ አይባልም። ስለዚህ ፕላኑን የሚያነሳው ሾፌሩ ራሱ ነው፤ በስልኩ፣ በግማሽ ደቂቃ፣ የሁለቱን መኪኖች ጎማ አቅጣጫ፣ የ«ቅድሚያ ስጥ» ምልክቱን፣ በመሬቱ ላይ ያለውን ቀስትና የተሰበረው መስታወት የወደቀበትን ቦታ። አካባቢው ያሉ ሱቆች ካሜራ ቢኖራቸውም ምስሉ በቀናት ውስጥ ሊጠፋ ስለሚችል በዚያው ቀን መጠየቅ ነው።

«እኛው እንጨርሰው»

ተጋጪዎቹ ሁለቱም ኢትዮጵያውያን ሲሆኑ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። «ወንድሜ፣ ለፖሊስ ምን አስጠራን፣ ጋሼ እገሌ ያስታርቁናል» ይባላል። መልካም ነው፤ ሽምግልና ብዙ ነገር አድኗል። ነገር ግን በጆርጂያ ሰው ከተጎዳ ወይም ጉዳቱ 500 ዶላር የሚደርስ ከመሰለ ለፖሊስ ማስታወቅ በሕግ የተደነገገ ነው፤ ዛሬ አንድ ፓራውልት ብቻውን ከዚያ ያልፋል። የኢንሹራንስ ውሉም አደጋ በቶሎ እንዲነገር ያስገድዳል። በሦስተኛው ሳምንት አንገቴን አመመኝ የሚል ሲመጣ፣ ሪፖርት የሌለው ሰው ሽማግሌውን ለምስክርነት ከመጥራት ሌላ ምርጫ የለውም። ሽማግሌዎቹ ፖሊስ መጥቶ ከሄደ በኋላም ቢቀመጡ ሥልጣናቸው አይቀንስም።

የቲኬቷ ነገር ደግሞ ለብቻዋ ናት። ፖሊሱ ግጭቱን አላየም፤ ሲደርስ ያለቀ ነገር ነው የሚያገኘው። ሪፖርቱ ላይ የሳለው ሥዕልና የጻፈው ሐሳብ ለኢንሹራንሱ ትልቅ ክብደት አለው እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ቲኬቱ ግን በጆርጂያ እንደ ቀላል ወንጀል የሚቆጠር ክስ ነው። ቅድሚያ አለመስጠት በመንጃ ፈቃድ ላይ 3 ነጥብ ያስይዛል፤ በ24 ወር ውስጥ 15 የሞላበት ፈቃዱ ይታገዳል። በመኪናው ለሚበላ ሰው 3 ነጥብ ማለት የኢንሹራንስ ክፍያ መናርና ምናልባትም ከአፑ መሰረዝ ነው። «ከፍዬ ልገላገል» የሚለው ሐሳብ አደገኛ ነው፤ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ኋላ በካሳው ክርክር ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ዳኛው ከፈቀደ «ኖሎ» የሚባለው፣ አልከራከርም ማለት፣ ቅጣቱን ከፍሎ ግን በፍትሐ ብሔር ክስ እንደ እምነት ቃል የማይቀርብ መንገድ ነው፤ በ5 ዓመት አንድ ጊዜ ነጥቡንም ያስቀራል። ክሱን ክዶ መቅረብም መብት ነው። በቀጠሮው ቀን አለመቅረብ ግን ከሁሉ የከፋው ነው፤ ፈቃድ ያሳግዳል።

ፍርድ ቤት ቋንቋ ያስፈራኛል የሚል ወገን አንድ ነገር ይወቅ። በ2010 የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማንዳሪን ተናጋሪ በሆነች ተከሳሽ የወንጀል ጉዳይ ላይ፣ በሊንግ ክስ፣ እንግሊዝኛ የማይችል ሰው አስተርጓሚ ከሌለው በችሎቱ ፊት እንደሌለ ይቆጠራል በሚል መንፈስ ወስኗል። አስተርጓሚ ይቀርብልኝ ማለት ልመና አይደለም። ጥያቄው ግን ከቀጠሮው ቀን አስቀድሞ ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ መቅረብ አለበት፤ አማርኛ አስተርጓሚ በኮሪደሩ ቆሞ አይጠብቅም። ልጅን ወይም የጎረቤት ልጅን ይዞ መሄድ ይቅር፤ ልጁ የ«ቅድሚያ»ንና የ«ጥፋት»ን ልዩነት አዛብቶ ሊተረጉም ይችላል።

የካምሪው ሰው ወደ ቤቱ ተመልሷል። ከሁለት ቀን በኋላ የሌላው ወገን ኢንሹራንስ ይደውልለታል፤ «ቃልህን በቴፕ ልንቀዳ ነው፤ አምስት ደቂቃ ብቻ» ይለዋል። ለራሱ ኢንሹራንስ መተባበር ውሉ ያስገድደዋል፤ ለሌላው ግን ቃል የመስጠት ግዴታ የለበትም። ለራሱ ኢንሹራንስ ሲናገርም በዚያን ሰዓት አፑ በርቶ እንደነበር መደበቅ አይገባውም፤ የግል ውሎች ብዙውን ጊዜ ለንግድ የሚነዳውን አይሸፍኑም፤ ውሸቱ ሲገለጥ ደግሞ የቀረውንም ይዞ ይሄዳል። በጆርጂያ እያንዳንዱ መኪና ቢያንስ በአንድ ሰው 25 ሺህ፣ በአንድ አደጋ 50 ሺህ፣ ለንብረት 25 ሺህ ዶላር የኃላፊነት ሽፋን ሊኖረው ይገባል። የፒካፑ ኢንሹራንስ «50 በመቶ» ብሎ ከዘጋበት፣ የኋላ በሩን ፎቶና የካሜራውን ምስል ይዞ ተከሳሹ በሚኖርበት ካውንቲ ማጅስትሬት ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል፤ እስከ 15 ሺህ ዶላር ለሚደርስ ክስ ጠበቃ አያስፈልግም። ለንብረት ጉዳት 4 ዓመት፣ ለአካል ጉዳት 2 ዓመት ጊዜ አለው፤ ቀኑ የሚቆጠረው መኪኖቹ ከተላተሙበት ዕለት ጀምሮ ነው።